ባዳ ጥርስ

አፉን አላውቀውም፤ የማውቀው ጀሶውን፣
በካርቶን ታሽጎ በጀልባ የመጣ የንክሻ ቅርጹን።
ከፊት አንድ ጎድሏል፤
ግራና ቀኝ ያሉት፣ ጤነኛ የነበሩት፣ ተሞርደው ቀጥነዋል።
የኛ ሙያ ሕጉ እንዲህ ነው፦ የሌለ የሚታዘለው
ያለው ጎረቤቱ ከገዛ ገላው ላይ ቆርሶ ሲሰጥለት ነው።

ከጀሶው ጋር መጣ የፌሊሳ ጽሑፍ፣ የሐኪሟ፣ አጭር፦
«ኒካሲዮ ይባላል፤ ሙዝ አብቃይ ከኤርሚጓ፣ ሰባን የሚሻገር፤
ትምባሆ ያጨሳል፤ ቀለሙን አደራ፣ እንዳታነጪበት፤
የሚቸኩል ሰው ነው፣ ቶሎ ጨርሺለት።»

ጨረስሁ። ሸክላውን በቀጭን ብሩሽ ደርቤ ደርቤ፣
ከምድጃው አጠገብ ሌሊቱን ቀርቤ፣
ሦስት ጥርስ ባንድ ወገብ፣ ድልድዩን አቆምሁት፤
ከአሮጌ ፎቶው ላይ ያየሁትን ፍንጭት በነጻ ደፈንሁት።
ደግነት መስሎኝ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።
«ልጄ፣ ሥራሽ ውብ ነው፤
ዳቦ ይገምጣል፣ ሥጋ ይቆርጣል፣ ፎቶ ላይም ያምራል፤
ግን ፉጨቴን በላው። ተመልሶ ይመጣል?»

ከተሜ ነኝና፣ የቴኔሪፌ ልጅ፣ ሳቄ አመለጠኝ።
አባቴ ከጎሜራ ነው፤ እንዴት ተዘነጋኝ?
እዚያ ሰው በፉጨት ማዶ ለማዶ ያወራል፤
ዜማ አይደለም፣ ቃል ነው፤ ስምና ግስ አለው፣ መሳደብም ይቻላል፤
እግር ገደል ወርዶ፣ ገደል ወጥቶ፣ ግማሽ ቀን ሲፈጅ
ፉጨት ባንድ ትንፋሽ ከደጅ እስከ ደጅ።

«እህቴ ኤርሜሊንዳ» አለኝ «ማዶ ናት፤ ድንችና ዶሮ፤
ስንኳረፍ ስንታረቅ ያለቀ ነው የኛ ኑሮ።
መሐላችን ያለው፣ ከገደሉ ወገብ፣ የሴሌዶንዮ ቤት፣
የመካከለኛው ወንድም፤ ከሞተ አራት ዓመት።
በሱ ጣራ ላይ ነው እንግዲህ በየጧቱ የምንጠራራው።
ትናንት ብቅ ብዬ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ፣
‹እንዴት አደርሽ?› አልኋት በአዲሱ፤ የመለሰችውን ስሚው፦
‹ማነህ አንተ ባዳ? ከወንድሜ ጓሮ ምን አባክ አመጣህ?
ውሻዬን ሳልፈታ ተናገር፣ ማን ላከህ!›»

ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ልብ ሲያለቅስ ይስቃል ለማለት።
እኔ ግን በእጄ ሠርቼ፣ በእሳት ተኩሼ፣ ባዳ ላክሁበት።

ቅዳሜ በጀልባ ተሻገርሁ፤ ሞረዴ በቦርሳ።
ወንበሩ ላይ አገኘሁት። ድልድዩን ነቀለች ፌሊሳ።
አፉን አየሁ።
አንድ ጸጉር ፋቅሁ፣ ፍንጭት ከነበረበት። ሰገነት ወጣ። ነፋ። አየር ብቻ።
አንድ ጸጉር ደግሞ። ወጣ። የተነፈሰ የብስክሌት ጎማ።
ተረኛው በሙሉ ሊመክረኝ ተነሣ፣ ሆነ እንደ ዘመቻ፦
«ከግራ ነው እንጂ!» «ኧረ ተዪው፣ ከንፈሩ ነው የሰነፈ!»
ሦስተኛውም እንዲሁ አለፈ።

በአራተኛው ግን
መስታወቱ ነዘረ። ውሻው ሁሉ ዝም አለ። ሄደ ወደ ሰማይ፣
በሙዙ፣ በካቡ፣ በዚያ በተዘጋው ቤት ላይ።
ጠበቅን።
ከወዲያ ማዶ ቀጭን፣ እንደ ክር፣ መልስ መጣ።
ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና መሐረብ አወጣ።
«ምን አለች?» አልሁት።
«‹የዶሮዬን ሽቦ እጠግናለሁ ያልኸው ሐሙስ ነበር፤
ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አፍ ብቻ!› አለች» ብሎ ሳቀልኝ፣ በሠራሁለት።

ከዚያ ወዲህ ከካርቶን ጀሶ ሳወጣ፣ ክፍተት ባየሁ ከፊት፣
ብሩሼን ሳላነሣ ስልክ እደውላለሁ፦
«ይቺ ቀዳዳ» እላለሁ «ሥራ አላት ወይስ ዝም ብላ ናት?»